ሃያ ሁለት ዙር

ጋሽ ዱባለ ጡረታ ከወጡ ስድስት ወር ሊሞላቸው ሁለት ቀን ሲቀረው ከውሃ ቅርንጫፉ ተደወለላቸው። ስልኩ ሲጠራ አስኮ በሚገኘው ሰፈራቸው ከጎረቤት ግቢ ቁጢጥ ብለው የቧንቧ ጎማ ይቀይሩ ነበር። ቧንቧው አያፈስም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋገነት እንደሚሉት በዚያ ስድስት ወር ውስጥ በሰፈሩ ጎማው ያልተቀየረ ቧንቧ የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ቄሱ ስለተከላከሉት ነው።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ይባላል። ማን እንደሚለው እንጃ። ጋሽ ዱባለ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የውሃ መስመር ከፍተው ዘግተዋል። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ፣ ሰኞ ለዚህኛው ሰፈር ረቡዕ ለዚያኛው የሚያደርስ ሰው አለ፤ መንገድ ዳር ካለ ጉድጓድ ክዳን አንስቶ፣ ቁመቱን የሚያህል የብረት ቁልፍ ወደ ታች ሰዶ፣ ከሥር ያለውን ቫልቭ ዙሩን እየቆጠረ የሚያዞር። ያ ሰው እሳቸው ነበሩ። ሕዝቡ ቧንቧው ሲንጫጫ «ውሃ መጣች!» ብሎ ባልዲ ይዞ ይሮጣል እንጂ ማን ላካት ብሎ አይጠይቅም። ጋሽ ዱባለም በዚህ አንድ ቀን ተቀይመው አያውቁም። የተቀየሙት ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው፤ አንድ ጋቢ ሰጥተው፣ ለርክክብ ሁለት ሰዓት መድበው ያሰናበቷቸው ዕለት።

ተረካቢው ኤባ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ነበር። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ካገላበጠ በኋላ «ጋሽ ዱባለ፣ እዚህ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ?» ብሎ በትሕትና ጠየቃቸው። «ሁሉም እዚያው አለ» አሉት ፊታቸውን አዙረው። ሠላሳ አራት ዓመት በሁለት ሰዓት ሲጠየቅ ሰው ሌላ ምን ይላል?

እና አሁን ተደወለ። ጋሽ ዱባለ የጎረቤቱን ቧንቧ እንደተፈታ ትተው ሄዱ፤ ጎረቤቱ እስከ ማታ አልማራቸውም።

የመስመር ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ሆሳዕና ትባላለች። የጋሽ ዱባለ የመጨረሻ ልጅ እኩያ ናት፤ ግን ስትናገር ቀጥ አድርጋ ነው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ጡረተኞች በትርፍ ጊዜ ተመልሰው የሚሠሩበትን አዲስ መመሪያ እያነበበች ታስረዳቸው ጀመር። ጋሽ ዱባለ የሠርግ ውል እንደሚነበብለት ሙሽራ ኮታቸውን ቆልፈው አዳመጡ።

«ከጡረታ በኋላ ስድስት ወር ማለፍ አለበት ይላል፤ ከነገ ወዲያ ይሞላዎታል። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ነው የሚሠሩት፤ ማክሰኞና ረቡዕ። ቁልፍ አይዙም፣ አይፈርሙም። ያሳያሉ፣ ይነግሩናል እንጂ መስመሩ ላይ እጅዎን አያስገቡም።»

«ቁልፍ ሳልይዝ ምን ልሠራ ነው ታዲያ?»

«ነገርኩዎት እኮ፤ ይነግሩናል።»

«ኢንጂነር፣ እኔ የማውቀው በእጄ ነው። አፌ ምንም አያውቅም።»

«እንግዲያው አፍዎ ይማራል» አለች ፈገግ ብላ። «አራተኛው ነጥብ ከባድ ነው፤ በፋይሉ ላይ ጉድለት የተጻፈበት ሰው አይመለስም። የእርስዎን አይቼዋለሁ። በሠላሳ አራት ዓመት አንዲት ማስጠንቀቂያ የለችበትም።» ከዚያ ከመሳቢያዋ አምስት ገጽ ወረቀት አወጣች። «ደግሞ ይህን ይመልከቱ። ቦታውን ያስፈቀድኩልዎት በዚህ ደብዳቤ ነው።»

ከሳንሱሲ በላይ ካለው ዳገት ነዋሪዎች የተጻፈ ነበር። ገጾቹ በፊርማና በጣት አሻራ ሞልተዋል፤ መጀመሪያ ላይ ያለው አሻራ የእማማ ብርቅዬ፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ያሉት አሮጊት ነው። ክረምቱን የጣሪያ ውሃ እያጠራቀምን አለፍነው፣ ከመስከረም ወዲህ ግን ረቡዕ ረቡዕ ይመጣልን የነበረው ውሃ ጠብታው እንኳ ጠፋ፣ ጥምቀት እየመጣ ነው፣ አቶ ዱባለ እያለ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ እባካችሁ እሱን መልሱልን ይላል። ጋሽ ዱባለ «እሱን መልሱልን» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማንም ስማቸውን አያውቅም ብለው ነበር ለካ የኖሩት።

«ኤባ በበኩሉ በየሳምንቱ እንደሚከፍት ይምላል» አለች ሆሳዕና። «ሃያ ሁለት ዙር፣ ልክ መዝገቡ እንደሚለው። ሰፈሩ ግን ውሃውን ለሌላ ሸጦታል ብሎ አመለከተ። ቫልቩን አስፈትሼ ነበር፤ ይዞራል፣ አልተሰበረም። ምን ላድርግ? የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩበት።»

ይሄኔ ነው የጋሽ ዱባለ እጅ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሳያዙት የተንቀሳቀሰው። ሃያ ሁለት ዙር ሲሉ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አውራ ጣታቸው ተጠማዘዘ። ወደ ቀኝ። ጋሽ ዱባለ ኪሳቸውን ቁልቁል አዩት።

የዳገቱ ቫልቭ የተሰበረው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ያውም በጥምቀት ዋዜማ ነበር። መጋዘን ውስጥ የሚተካ ጠፋ። ሰፈሩ በዓሉን በደረቅ ቧንቧ ሊውል ሲል፣ ጋሽ ዱባለ ከአንድ ከፈረሰ አሮጌ መስመር የተፈታ ሌላ ዓይነት ቫልቭ ፈልገው አምጥተው ገጠሙ። ሌሎቹ ቫልቮች ወደ ግራ ይከፈታሉ፣ ወደ ቀኝ ይዘጋሉ። ይሄኛው ተገላቢጦሽ ነው። ከበዓል በኋላ መዝገብ ላይ አሰፍረዋለሁ አሉ። ከበዓል በኋላ ሌላ መስመር ፈነዳ፤ ከዚያም ሌላ። ደግሞስ ከእሳቸው በቀር ማን ይነካዋል? ዓመታት ሲያልፉ እጃቸው ብቻ የሚያውቀው ነገር ሆኖ ቀረ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያኔውኑ ይናገሩት ነበር። ግን ያ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አራተኛው ነጥብም ነበር። «ረቡዕ ጠዋት ዳገቱን አይተው፣ ከሰዓት መጥተው ውሉን ይፈርማሉ» አለቻቸው ሆሳዕና። «እሺ» ብለው ወጡ።

ማታ እራት ሳይቀርብ ለወይዘሮ ሸዋገነት ሁሉንም አወሩላቸው። በትዳራቸው ውስጥ ከሚስታቸው የደበቁት ነገር ቢኖር ሲጋራ ብቻ ነው፤ እሱንም አውቀውታል።

«እና ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት ሽንኩርት እየከተፉ።

«ረቡዕ ልጁን ዞር አደርገውና ራሴ አዞረዋለሁ። ውሃው ይመጣል፤ ማንም አያውቅም።»

«ኤባስ?»

«ውሃው ከመጣ የእሱም ጣጣ አብሮ ያልቃል።»

«ያልቃል? ዱባለ በመጣ በቀኑ ውሃው መጣ፣ ልጁ እውነትም ሌባ ነበር ይላሉ እንጂ!» ቢላዋውን አስቀመጡ። «ታረጋግጥበታለህ እኮ።»

ጋሽ ዱባለ ተቆጡ። ስድስት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ እንደ አሮጌ ፍራሽ ከወዲያ ወዲህ ስገፋ ያየሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ አሏቸው። ነኝ አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት፤ ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ። እራቱ ሳይነካ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳንሱሲ ፌርማታው ጋ ከኤባ ጋር ተገናኙ። ኤባ ረጅሙን ቁልፍ በትከሻው ይዞ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ደርሰው ኤባ ክዳኑን ሲያነሣው ጋሽ ዱባለ የድሮ ወዳጅ ያዩ ያህል ቫልቩን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ኤባዬ፣ ጠማኝ። እስቲ ከዚያች ሱቅ የታሸገ ውሃ ግዛልኝ» አሉ። አዎ፣ አሉት። ሸዋገነት ያን ሁሉ ተናግረው እንኳ አሉት።

«እሺ ጋሽ ዱባለ» አለ ኤባ፤ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው።

«እሱን እዚሁ ተወው እንጂ።»

«አይቻልም፤ ቁልፉ ከእጄ አይወጣም ተብያለሁ። መመሪያ ነው።»

ሄደ። ያን የሚያህል ብረት ተሸክሞ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ባለሱቁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጋሽ ዱባለ ከሩቅ አዩ። መሳቅ አማራቸው። ግን የዚህን ልጅ ስም ያጠፋው መመሪያ አይደለም። ስሙ የጠፋው በእሳቸው ነው፤ ይሄው ደግሞ ውሃ እየገዛላቸው ነው።

ኤባ ተመልሶ ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጣቸው። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሽ ዱባለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የማጠፋው ምንድነው? የታችኞቹን ሰፈሮች እዘጋለሁ። ዛሬም በማለዳ መጥቼ ሃያ ሁለት ዙር ወደ ግራ ከፍቼዋለሁ። ይኸው፣ ከላይ ጠብታ የለም። እናቴ ሳትቀር ‹እውነት አልሸጥከውም?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ጋሽ ዱባለ ጠርሙሱን መሬት አስቀመጡ። ውሃውን አልቀመሱትም።

«ወደ ቀኝ አዙረው» አሉት።

«ወደ ቀኝ እኮ መዝጋት ነው።»

«የሁሉም ነው። የዚህ ግን ይለያል። የገጠምኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ላይ ያላሰፈርኩትም እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝ ፊቴን አዙሬ ‹ሁሉም አለ› ያልኩህም እኔ ነኝ። አንተ ምንም አላጠፋህም ልጄ።»

ኤባ ቀና ብሎ አያቸው። «ታዲያ ረቡዕ ረቡዕ በገዛ እጄ ስዘጋባቸው ነው የከረምኩት?»

«አዎ። ማታ ዘጋሁት ስትል ደግሞ ይከፈታል፤ ግን በሌላው ቀን የታችኞቹ ክፍት ስለሆኑ ውሃው ግፊት አጥቶ ዳገት አይወጣም።»

«አራት ወር ሌባ ተብያለሁ፣ ጋሽ ዱባለ።»

«አውቃለሁ። አሁን ዳገቱን ወጥቼ እናገራለሁ። ከሰዓት ደግሞ ቢሮ።»

ኤባ ተነሥቶ ቁልፉን ወደ ጉድጓዱ ሰደደና ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሽ ዱባለ አብረው በከንፈራቸው ይቆጥራሉ። ዘጠነኛው ላይ ያዘው። እጃቸው ከኪሳቸው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ኤባ እጃቸውን አየው፤ እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ግማሽ ዙር መልሰውና እንደገና ሂድበት። አትታገለው፤ አባብለው» አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው ተናገረው። ቁልፉ ለቀቀ። አሥራ አምስተኛው ላይ ከእግራቸው ሥር መስመሩ ማፏጨት ጀመረ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ኤባ ቀና ሲል ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር፤ ጥርሱም ታየ።

ዳገቱን ሲወጡ ውሃው ቀድሟቸው ነበር። እማማ ብርቅዬ ግቢ ውስጥ ያለው ቧንቧ መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ውሃ፣ ከዚያ ጠራ። ቢጫ ጀሪካኖቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እማማ ብርቅዬ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ይዞ ተሰበሰበ። ጋሽ ዱባለን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«አላልኳችሁም? ዱባለ ሲመጣ ትመጣለች አላልኳችሁም? እድሜህን ያርዝመው! ልጆችህን ይባርክልህ!» አሉ፤ ወዲያው ኤባን በዓይናቸው ገረመሙት።

እንዲህ ያለ ምርቃት አቋርጦ መናገር ከባድ ነው። ጋሽ ዱባለ ግን አቋረጡት። ቫልቩን፣ መዝገቡን፣ ኤባ የጠየቃቸውን፣ እሳቸው የመለሱትን ሁሉ በሕዝቡ ፊት ተናገሩ።

«አራት ወር ጀሪካን ተሸክሜያለሁ» አሉ እማማ ብርቅዬ። «በዚህ ጉልበቴ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«አሁን ተናድጃለሁ፣ ቆይ።» ሄደው የሞላውን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አነሡ፣ ባዶውን ተኩ። ጀርባቸውን እንደሰጡ ቀጠሉ። «ከዚያ በፊት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጥምቀት አልጠማኝም። ያኔ ከየት አምጥተህ እንደገጠምክልን ዛሬ ገና ሰማሁ። ማን ከፈተው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ውሃው ሲጠፋ ነው ስምህን ያጠያየቅኩት።» ዞር አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መናደዴ ግን አልለቀቀኝም።»

ከዚያ ወደ ኤባ ሄደው እጁን ያዙ። «ሸጠው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።» ኤባ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

ከሰዓት ቢሮ ሲገቡ ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ ዱባለ ሳይቀመጡ ተናገሩ። ሆሳዕና ጨርሳ ሰማችና እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ይህን ከጻፍኩ አራተኛው ነጥብ ላይ ይወድቃሉ። ጉዳዩም ወደ ኮሚቴ ነው የሚሄደው።»

«ይጻፉት። የኤባን ግን ዛሬውኑ ይሰርዙለት።»

ልትጽፍ ስትል በሩ ጋ ቆሞ የነበረው ኤባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንጂነር፣ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ጥያቄ። ጋሽ ዱባለ፣ እንዲህ ያለ ሌላ አለ?»

ጋሽ ዱባለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ አስኮን ዞረ፣ ሳንሱሲን ዞረ፣ ወደ አየር ጤና ወረደ።

«ሦስት አለ» አሉ።

ሆሳዕና እስክሪብቶዋን ጣለችው። መጀመሪያ የሳቀው ኤባ ነው፤ ከዚያ እሷም አልቻለችም፤ ጋሽ ዱባለ ብቻ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመው ቀሩ። «አሁን እንኳን ልለቅዎት፣ በር ቆልፌ ነው የማስቀምጥዎት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። ለኮሚቴውም እንደዚያው ጻፈች፤ ጉድለቱን ሳትቀንስ፣ ይህ ሰው ያልጻፈውን ከእሱ በቀር የሚነግረን የለም ብላ። ከሥሩ ኤባ በራሱ ስም አንድ ገጽ ጨመረ። ምን ብሎ እንደጻፈ ጋሽ ዱባለ እስከ ዛሬ አልጠየቁም፤ ሲያስቡት ዓይናቸው ስለሚሞላ።

ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጋሽ ዱባለ በዚያ መካከል አንድም ጎማ አልቀየሩም፤ ወይዘሮ ሸዋገነት ታመመ እንዴ ብለው ሰጉ። መልሱ ሲመጣ ጉድለቱ ፋይላቸው ላይ ሰፍሯል፤ የተፈቀደላቸውም ሁለት ግማሽ ቀን ሳይሆን አንድ ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ለስድስት ወር፣ ያልተጻፈውን ለማጻፍ። ቁልፍ አይዙም። ጋሽ ዱባለ ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሳሙት። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው እንዲህ ያመሰገኑበት ቀን አልነበረም፤ ለግማሽ ቀን።

በመጀመሪያው ረቡዕ ከማለዳው ዳገቱ ሥር ተገናኙ። ኤባ አዲሱን መዝገብ ገልጦ አሳያቸው፦ ወደ ቀኝ ይከፈታል፣ የገጠሙት አቶ ዱባለ፣ በጥምቀት ዋዜማ። ከዚያ ቁልፉን ሰዶ ማዞር ጀመረ። ጋሽ ዱባለ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በልባቸው ቆጠሩ። ዘጠነኛው ላይ ልጁ ራሱ ግማሽ ዙር መለሰና አባበለው። የሚነግሩት አልቀረም።

ትንሽ ቆይቶ ከላይ ቧንቧዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። ቀጥሎ የባልዲ ኳኳታ፣ ከዚያም የእማማ ብርቅዬ ድምፅ ዳገቱን ቁልቁል ወረደ።

«ውሃ መጣች! ኤባ ከፈታት! ኤባ፣ ተባረክ!»

ጎረቤቶቹም ተቀባበሉት፤ ኤባ፣ ኤባ። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ዱባለ ስማቸው ይጠራ እንደሆን ትንሽ ጠበቁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠበቁ። አልተጠራም። ያን ጊዜ ደረታቸው ውስጥ አንድ የጠበቀ ነገር ቀስ ብሎ ሲላላ ተሰማቸው። መመሪያው መስመሩ ላይ እጅ አታስገባ ይላል እንጂ ስለ ሌላው ምንም አይልም። ጋሽ ዱባለ ሁለቱንም እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ለኤባ አጨበጨቡለት።